ሆድ ተከፍቶ ወይስ በብሽሽት በኩል? ስለ አኦርታ እብጠት ከጎንደር ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ዶክተር፣ አባቴ የ69 ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው። የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ለፕሮስቴት ተብሎ በተነሣ አልትራሳውንድ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ ማበጡ ታየ። ሲቲ ስካኑ 5.9 ሴንቲ ሜትር ይላል፤ እብጠቱ ከኩላሊት የደም ቧንቧዎች 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንደሚጀምርም ተጽፏል። ምንም አያማቸውም። 30 ዓመት ያህል ሲጋራ አጭሰው ካቆሙ 6 ዓመት ሆኗቸዋል። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ኩላሊታቸው ደህና ነው ተብሏል። ያዩዋቸው ሐኪም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ብለው ሪፈር ጻፉልን። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ‹ሆድ መክፈት ድሮ ቀረ፤ በብሽሽት ተሠርቶላቸው በሁለት ቀን ይወጣሉ› ይላል። አባቴም ‹ሆዴን አታስከፍቱኝ› ብለዋል። የትኛው ይሻላል? ደግሞስ ፋሲካን አሳልፈን ብንሄድ ምን ይላሉ?»

እህቴ፣ አባትዎ ምንም ሳያማቸው ይህ መታወቁ ትልቅ ነገር ነው። የሆድ አኦርታ እብጠት ብዙ ጊዜ ዓመታት ሙሉ ዝም ብሎ ኖሮ በሚፈነዳበት ዕለት ነው ራሱን የሚያስታውቀው፤ ያኔ ደግሞ ስለ ምርጫ ለመነጋገር ጊዜ አይኖርም። እናንተ ጊዜ አላችሁ። ስለዚህ የእኔን ሐሳብ ከፊት ላስቀድም፦ በጻፉልኝ መሠረት አባትዎ ለሁለቱም ዓይነት ሕክምና የሚሆኑ ይመስላሉ፤ ልባቸውና ሳንባቸው ተመርምሮ ጠንካራ ሆኖ ከተገኘ ግን እኔ ወደ ሆድ ቀዶ ሕክምናው አደላለሁ። ወንድምዎ የነገራችሁ እውነት ነው፤ ሆኖም የታሪኩን የመጀመሪያ ሁለት ቀን ብቻ ነው የነገራችሁ። እኔ ስለሚቀጥሉት 10 ዓመታት ልነግርዎ እፈልጋለሁ።

አኦርታ ከልብ ተነሥቶ በደረትና በሆድ አልፎ እምብርት አካባቢ ሲደርስ ወደ ሁለቱ እግሮች የሚከፈል ዋናው የደም ቧንቧ ነው። ሆድ ውስጥ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 3 ሲደርስ እብጠት ይባላል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ተካሂደው ውጤታቸው በ1998 እና በ2002 የወጣ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ከ5.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውን እብጠት ቸኩሎ መቅደድ ዕድሜ እንደማይጨምር፣ በአልትራሳውንድ እየተከታተሉ መቆየት እንደሚበቃ አሳይተዋል (ዓመቶቹን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለወንዶች 5.5 የሚባለው ድንበር የመጣው ከዚያ ነው፤ አባትዎም ድንበሩን አልፈዋል። ቀዶ ሕክምና ሳይደረግላቸው በቀሩ አሜሪካውያን ላይ በተሠራና በ2002 በታተመ ሌላ ጥናት፣ ከ5.5 እስከ 5.9 የሆነ እብጠት በአንድ ዓመት ውስጥ የመፈንዳት ዕድሉ 9 በመቶ ገደማ ነበር፤ 7 ሴንቲ ሜትር ከሞላ በኋላ 30 በመቶን ያልፋል። ነገ ይፈነዳል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ሆኖ ዓመቱን በሰላም የሚጨርስ ብዙ ሰው ነው። ነገር ግን ከፈነዳባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሆስፒታል ሳይደርሱ ወይም ደርሰውም ይሞታሉ። «ሕክምና ያስፈልጋል» ያሉት ሐኪማችሁ ልክ ናቸው።

አሁን ወደ ሁለቱ መንገዶች እንምጣ። ጎንደሬ ስለሆኑ በምታውቁት ነገር ላስረዳ። የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በየዓመቱ ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። ቦዩ አንድ ቦታ ላይ ግድግዳው ሳስቶ ወደ ውጭ መግፋት ቢጀምር ሁለት መላ አለ። አንዱ ውኃውን ለጊዜው ገድቦ፣ ቆፍሮ፣ የተጎዳውን ክፍል በአዲስ መተካት ነው። ሌላው ሳይቆፍሩ ከቦዩ አፍ ቱቦ አስገብቶ በተጎዳው ክፍል ውስጥ መዘርጋት ነው። ውኃው በአዲሱ ቱቦ ያልፋል፤ የሳሳው ግድግዳ ግን እዚያው ይቀራል። ይህ ሁለተኛው መላ የሚያስተማምነው ቱቦው ከላይም ከታችም ከጤናማው ግድግዳ ጋር ገጥሞ እስከቆየ ድረስ ነው። ከሥሩ ውኃ ከሾለከ ያው አሮጌ ግድግዳ እንደገና ይገፋል።

የሆድ ቀዶ ሕክምናው የመጀመሪያው መላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው ፓሪስ ውስጥ በ1951 ሲሆን፣ ሻርል ዱቦስት የተባለው ሐኪም ያበጠውን ክፍል ከሞተ ሰው በተወሰደ የደም ቧንቧ ተካው። ዛሬ የሚሰፋው ከፖሊስተር የተሠራ ቧንቧ ነው። አባትዎ ሙሉ ማደንዘዣ ይወስዳሉ፤ ሆዳቸው ከደረት በታች እስከ እምብርት ታች ይከፈታል፤ አንጀት ወደ ጎን ይደረጋል። ደም እንዳይረጋ መድኃኒት ተሰጥቶ አኦርታው ከኩላሊቶቹ ቅርንጫፎች ዝቅ ብሎ በመቆንጠጫ ይያዛል። ከዚያ እብጠቱ ይከፈታል፣ በውስጡ የተጋገረው የቆየ ደም ይወጣል፣ ከጀርባ በኩል የሚደሙት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይሰፋሉ፣ አዲሱ ቧንቧ ከላይና ከታች በእጅ ይሰፋል። በመጨረሻም የእብጠቱ ግድግዳ እንደ ጋቢ በአዲሱ ቧንቧ ላይ ይጠቀለላል፤ አንጀት ባዕድ ነገሩን በቀጥታ እንዳይነካው ነው። ይህ ሁሉ 3 ወይም 4 ሰዓት ይፈጃል። ጥቂት ቀናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በጠቅላላው ከሳምንት እስከ 10 ቀን በሆስፒታል ይቆያሉ፤ የቀድሞ ጉልበታቸው የሚመለሰው ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላ ነው።

ከባድ ነው፤ ቀላል ነው ብዬ ላታልልዎ አልፈልግም። መቆንጠጫው ሲያዝና ሲለቀቅ ልብ ይፈተናል። ለረጅም ጊዜ ያጨሰ ሰው ሳንባው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይደክማል፤ ኩላሊት ሊጎዳ፣ ወደ ታችኛው አንጀት የሚሄደው ደም ሊያንስ ይችላል። ከዓመታት በኋላም የተሰፋው የሆድ ግድግዳ ላልቶ አንጀት ወደ ውጭ ሊገፋ ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ አባቶች አይጠይቁም፣ ሐኪሞችም ብዙ ጊዜ ይዘሉታል፦ በአካባቢው የሚያልፉት ነርቮች ሊነኩ ስለሚችሉ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ላይ ችግር ሊመጣ ይችላል። አባትዎ ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማወቅ መብታቸው ነው፤ ለልጅ መናገር ቢከብድ ሐኪሙ ብቻቸውን ያነጋግራቸው። ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው ግን ከአኦርታው ጋር ያለው ጉዳይ በአብዛኛው ያበቃል። በየ5 ዓመቱ ገደማ አንድ የምስል ምርመራ ይበቃዋል።

በብሽሽት የሚደረገውን ሕክምና በ1990 ቦነስ አይረስ ላይ የጀመረው ኹዋን ፓሮዲ የተባለ አርጀንቲናዊ የደም ስር ቀዶ ሐኪም ነው። እኔም የማደንቀው ጥበብ ነው። በብሽሽት ባለው የደም ቧንቧ በኩል ቀጭን ሽቦ ይገባል፤ በሽቦው ላይ ተጣጥፎ የተቀመጠ፣ በብረት መረብ የተደገፈ የጨርቅ ቧንቧ በራጅ እየታየ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከኩላሊቶቹ ቅርንጫፎች ሥር ሲደርስ ይዘረጋል። ከዚያ እንደ ሱሪ ሁለት እግሮቹ ወደ ሁለቱ ቅርንጫፎች ይወርዳሉ። በጀርባ በሚሰጥ ወይም ብሽሽትን ብቻ በሚያደነዝዝ ማደንዘዣ ሊሠራ ይችላል፤ ሆድ አይነካም፣ አኦርታውም ለረጅም ጊዜ አይታገድም። ታካሚው ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለአንድ የ69 ዓመት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አባትዎ ቢመኙት አይፈረድባቸውም።

ሆኖም ለሁሉም ሰው አይሆንም። በኩላሊት ቅርንጫፎችና በእብጠቱ መካከል ያለው ጤናማ ክፍል፣ እኛ አንገት የምንለው፣ መሣሪያው የሚጨብጠው ቦታ ነው። ቢያንስ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል፤ በጣም የሰፋ፣ በጣም የጎበጠ ወይም በረጋ ደም የተሸፈነ መሆን የለበትም። የአባትዎ አንገት 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ደህና ርዝመት ነው። የላኩልኝ ጽሑፍ ግን ስለ አንገቱ ስፋትና ጉብጠት፣ መሣሪያው ስለሚያልፍባቸው የእግር ቅርንጫፎች ስፋትም ምንም አይልም። እነዚህ ሳይለኩ «በብሽሽት ይሠራል» ማለት አይቻልም፤ የሚለኩትም በስስ ቁራጭ በተነሣና በደም ስር በሚሰጥ ቀለም በታገዘ ሲቲ ስካን ነው። እስካሁን የተነሣው እንዲህ ያለ መሆኑን ጠይቁ።

ከዚያም መሹለክ አለ። ደሙ በአዲሱ ቧንቧ ዙሪያ ወይም በመገጣጠሚያው በኩል ወደ አሮጌው እብጠት ከገባ ግፊቱ ይመለሳል። ከጀርባ ካሉ ትንንሽ ቅርንጫፎች የሚመጣው መሹለክ በብዛት የሚታየው ነው፤ አንዳንዱ በራሱ ይዘጋል፣ እብጠቱ እስካልጨመረ ድረስም ይታገሡታል። መሣሪያው ከላይ ወይም ከታች ከግድግዳው ሲለቅ፣ ወይም ክፍሎቹ ሲላቀቁ የሚመጣው ግን ፈጥኖ መታረም አለበት። ሁለቱም ሕመም የላቸውም። የሚታዩት በምስል ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር፣ ከዚያ በዓመቱ፣ ከዚያም በየዓመቱ በሲቲ ስካን ወይም በሠለጠነ ባለሙያ በሚሠራ፣ የደም ፍሰትን በሚያሳይ ዶፕለር አልትራሳውንድ መታየት ያስፈልጋል፤ እስከ ዕድሜ ልክ።

ቁጥሮቹ ይህንኑ ይናገራሉ። ለሁለቱም ሕክምና የሚሆኑ ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ያወዳደሩ ሦስት ትልልቅ ጥናቶች አሉ። በእንግሊዙ ጥናት በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ የሞቱት ሆዳቸው ከተከፈተው 4.7 በመቶ፣ በብሽሽት ከታከሙት 1.7 በመቶ ነበሩ። በሆላንዱ 4.6 እና 1.2፣ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ በተደረገው ደግሞ 3.0 እና 0.5 በመቶ። በመጀመሪያው ወር የብሽሽቱ መንገድ ያለ ክርክር ይሻላል። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። እንግሊዞቹ ታካሚዎቻቸውን እስከ 15 ዓመት ተከታትለው በ2016 ባወጡት ውጤት፣ ከ8 ዓመት በኋላ የበለጠ የሞቱት በብሽሽት የታከሙት ሆነው ተገኙ፤ አንዱ ምክንያት የቀረው አሮጌ እብጠት መፈንዳቱ ነበር። በ2019 የወጣው የአሜሪካው ውጤት በጠቅላላው ዕድሜ ላይ ልዩነት አላገኘም፤ ተመልሰው ሌላ ሥራ ያስፈለጋቸው ግን በብሽሽት ከታከሙት መካከል በዝተዋል። እንግሊዞቹ ያኔ የተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች የዛሬዎቹ አይደሉም፤ ስለዚህ ያን ቁጥር እንዳለ ለዛሬ መሣሪያ ማውረስ አግባብ አይሆንም። ደግሞም 4.7 በመቶ ማለት ይህን ሥራ አዘውትረው የሚሠሩ ሆስፒታሎች ያገኙት ውጤት ነው፤ የትም ቦታ የሚደገም ቃል ኪዳን አይደለም።

ከአንድ ዓይነት መረጃ ተነሥተው ታላላቅ ተቋማት እንኳ የተለያየ ምክር ሰጥተዋል። የአውሮፓ የደም ስር ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 የሰውነቱ አሠራር ለሚፈቅድለት አብዛኛው ታካሚ የብሽሽቱን አስቀደመ፤ ረጅም ዕድሜ ለሚጠበቅለት ግን የሆዱ እንዲታሰብ መከረ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2020 ላልፈነዳ እብጠት የሆድ ቀዶ ሕክምናውን አስቀደመ። አንዱ የመጀመሪያውን ወር፣ ሌላው የኋለኛውን ዘመን አክብዶ መዘነ። እናንተም የምትመዝኑት ይህንኑ ነው፤ የምትመዝኑት ግን ከአዘዞ ሆናችሁ ነው።

አዘዞ መሆናችሁ ለምን እንደሚያሳስበኝ አንድ ታካሚዬ ይንገርልኝ። በሌላ አገር በብሽሽት የታከመ፣ ደስተኛና ብርቱ ሰው ነበር። ወረቀቱን በጥንቃቄ ይዟል፤ «በየዓመቱ ይታይ» የሚል መስመርም ነበረበት። ለ5 ዓመት አንድ ጊዜም አልታየም። ለምን እንዳልታየ ስጠይቀው «ድኛለሁ ብዬ ነዋ» አለኝ። የመሣሪያው ላይኛው ጫፍ ወደ ታች ተንሸራቶ እብጠቱ 8 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። በመጨረሻ ሆዱን ከፍተን መሣሪያውን ነቅለን አወጣን፤ ያም ከመጀመሪያው ቢከፈት ኖሮ ከሚሆነው እጅግ የከበደ ሥራ ነበር። ተርፏል። የዚያን ቀን ቅዝቃዜ ግን እስካሁን በእጄ ላይ አለ።

ስለዚህ ወንድምዎ «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» ካለ፣ ለመሣሪያው ዋጋ ብቻ አይሁን። ለሚቀጥሉት ዓመታት ለየዓመቱ ሲቲ ስካን፣ ምስሉን ለሚያነብ ባለሙያ፣ መሹለክ ቢገኝ ደግሞ ተመልሶ ለሚሠራበት ቦታ ጭምር ያስብ። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ69 ዓመት ያን መንገድ አንድ ጊዜ ለትልቅ ሕክምና መሄድ አንድ ነገር ነው፤ በ74፣ በ77፣ በ80 ዓመት ምንም ሳያማቸው ለምርመራ መሄድ ሌላ ነው። ይህን እንደምትወጡት እርግጠኛ ከሆናችሁ የብሽሽቱ መንገድ ጥሩ ምርጫ ነው፤ እኔም አልቃወምም።

ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ሌላም ነገር አለ። የልብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ልባቸው ደካማ መሆኑን ካሳየ፣ የሳንባ አቅም ምርመራው ሲጋራው የተወውን ጉዳት ካጋለጠ፣ ወይም ሆዳቸው ቀድሞ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ከሆነ ወደ ብሽሽቱ እዞራለሁ። በጣም ለደከመ ሰው ግን ሦስተኛው መንገድም መንገድ ነው፤ አለመንካት። የሆድ ቀዶ ሕክምና የማይችሉ ሰዎችን ብቻ ያሳተፈ ሌላ የእንግሊዝ ጥናት የብሽሽቱ ሕክምና በእብጠቱ ምክንያት የሚመጣውን ሞት ቢቀንስም ጠቅላላ ዕድሜያቸውን እንዳላረዘመ አሳይቷል፤ ሌላው ሕመማቸው ቀደማቸው። አባትዎ በእግራቸው ገበያ ወጥተው የሚመለሱ፣ ደረጃ ሲወጡ የማያለከልኩ ከሆነ ከእነዚህ ወገን አይመስሉኝም። በተጨማሪም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ተናገሩ። እብጠቱ ከኢንፌክሽን የመጣ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፤ በተመረዘ ግድግዳ ውስጥ ባዕድ ቧንቧ መዘርጋት አደገኛ ነው።

«ሆዴን አታስከፍቱኝ» ያሉትን ቃል አትለፉት። ምን እንደሚያስፈራቸው ጠይቋቸው። ሕመሙ ነው? ተኝቶ አለመነሣት ነው? ወይስ በልጆች እጅ መውደቅ? አንዳንዱ የሚያውቀው ሰው ሆዱ ተከፍቶ ስለሞተበት ነው የሚፈራው። መምህር ናቸው፤ ከላይ የጻፍኩትን ቁጥር ራሳቸው አንብበው ሊመዝኑት ይችላሉ። ሁለቱንም ሰምተው ብሽሽቱን ቢመርጡ ምርጫቸው ይከበር፤ የአካሉ ባለቤት እሳቸው ናቸው።

ስለ ፋሲካ፦ 5.9 ሆኖ ሕመም ከሌለው ጥቂት ሳምንታት መቆየት ይቻላል፤ ዝግጅቱ ራሱ ያን ያህል ይወስዳል። ወራት ግን አይሁን፤ «ከክረምት በኋላ» ወደሚለው እንዳይሄድባችሁ። በዚህ ጊዜ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አንድ ቀን ሳይዘሉ ይውሰዱ፤ ጸበል መሄድ ከፈለጉ መድኃኒቱ አብሯቸው ይሂድ። ስለ ጾሙ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላት፣ ለትልቅ ቀዶ ሕክምና የሚዘጋጅ ሰውም ጥሩ ምግብ ያስፈልገዋል። በየቀኑ ዝግ ብለው ይራመዱ፣ ከባድ ነገር አያንሡ፣ ወደ ሲጋራ አይመለሱ። አንድ ነገር አደራ፦ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን ጸረ ባክቴሪያ ለሽንት ሕመም ብሎ ማንም ቢያዝላቸው «አኦርታዬ አብጧል» ይበሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 መጨረሻ ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ የአኦርታ መቀደድን አደጋ ሊጨምር ስለሚችል እብጠት ላለበት ሰው ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል። ፕሮስቴት ላለበት ሰው ደግሞ ይህ መድኃኒት በቀላሉ የሚታዘዝ ነው።

ድንገተኛ የሆድ ወይም የጀርባ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ራስን መሳት ከመጣ አልጋ ላይ አስተኝታችሁ አትጠብቁ፤ አታሹ፣ ማስታገሻ እየሰጣችሁ አትቆዩ። በቀጥታ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸውና በር ላይ የመጀመሪያው ቃላችሁ «5.9 ሴንቲ ሜትር የአኦርታ እብጠት አለባቸው» የሚል ይሁን። ይህ ሕመም የኩላሊት ጠጠርን ስለሚመስል በዚያ ስም ሰዓታት ሊባክኑ ይችላሉ።

ወደተላካችሁበት ሆስፒታል ስትደርሱ የደም ስር ቀዶ ሐኪሙን ሳትፈሩ ጠይቁት። በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሠራል? ለአባትዎ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ተይዟል? ስንት ዩኒት ደም መዘጋጀት አለበት፣ ከቤተሰብስ ስንት ሰው ደም ይስጥ? በብሽሽት ከሆነ መሣሪያው በአባትዎ ልክ መጥቷል፣ ካልሆነለትስ እዚያው ሆድ ከፍቶ የሚጨርስ ቡድን አለ? ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም።

የመጨረሻው ጉዳይ የወንድምዎ ነው። ይህ እብጠት በቤተሰብ ይሄዳል። የአባትዎ ወንድሞችና እህቶች ሁሉ አልትራሳውንድ ይነሡ፤ ወንድምዎም ዕድሜው 50 ከሞላ፣ በተለይ የሚያጨስ ከሆነ፣ ባለበት አገር ሆዱን ይታይ። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ፣ የማያም ምርመራ ነው። የሲቲ ስካኑን ሲዲ ደግሞ ከወረቀቱ ጋር አብራችሁ ያዙ፤ ወረቀቱ የሚለው 5.9ንና የአንገቱን ርዝመት ብቻ ነው፣ የአንገቱ ስፋትና ጉብጠት፣ የእግር ቅርንጫፎቹም ልክ ያለው ሲዲው ውስጥ ነው።